ዌንት የማን ልጅ ናት?

ካወቅሁት ገና አራት ቀኔ ነው። በእነዚህ አራት ቀናት ለእህቴ ነግሬያለሁ፣ ለጎረቤቴ ነግሬያለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ቡና ለምታፈላልኝ ልጅ ነግሬያለሁ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠች የማላውቃት ተማሪ ሳይቀር ነግሬያለሁ። ደስታው አልወጣልኝም። እንግዲህ ለእናንተም ልንገራችሁ።

"ጎ፣ ዌንት፣ ጎን።" እንግሊዝኛ ክፍል ቁጭ ብሎ የተማረ ሰው ሁሉ እነዚህን ሦስት ቃላት በዜማ ያውቃቸዋል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሦስት ዓምድ ይጻፋሉ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይላቸዋል፤ በማግስቱ አስተማሪው እየዞረ ይጠይቃል። እኔም በልጅነቴ እጄን አውጥቼ "ጎ እንዴት ሆኖ ዌንት ይሆናል?" ብዬ ጠይቄ ነበር። "ዝም ብለሽ ሸምድጂው" ተባልኩ። ሸመደድኩት። ጥያቄዬ ግን መልስ ሳያገኝ የስንት ዓመት ጥያቄ ሆነ።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ስምንተኛ ክፍል ናት። "አክስቴ፣ እይው እስቲ፤ ጎ እና ዌንት እኮ አንድም ፊደል አይጋሩም!" አለችኝ። አየሁት። እውነቷን ነው። አንዱ በሁለት ፊደል ይጻፋል፣ ሌላው በአራት፣ የሚገናኙበት አንዲት ፊደል የለም። "ሸምድጂው" ልላት ስል ቃሉ አፌ ላይ ቀረ፤ ተነሥቼ ትልቁን መዝገበ ቃላት አወረድኩ።

ዌንት ለካ የጎ ልጅ አይደለችም! ዌንት ዌንድ የሚባል የሌላ ግስ ልጅ ናት። ቤቷን ለቃ ጎ ቤት ገባች፣ እዚያው አደገች፣ እናቷን የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።

አንዴ ከተነገረን በኋላ እንዴት ሳናየው ቀረን ያሰኛል። ሴንድ ሲያልፍ ሴንት ይሆናል። ሌንድ ሌንት፣ ቤንድ ቤንት፣ ስፔንድ ስፔንት ይሆናል። እንግዲያው ዌንድ ሲያልፍ ምን ይሆናል? የእህቴ ልጅ ከአፌ ነጠቀችኝ፤ "ዌንት!" ብላ ጮኸች። ለካ ያ የመማሪያ መጽሐፉ ሁሉ "ከሥርዓት የወጣ" ያለው ቃል ሥርዓቱን አንድ ፊደል ሳያጓድል ጠብቆ የኖረ ቃል ነው። ፈልገን ያጣነው የገዛ ወንድሞቹና እህቶቹ መሐል ስላልፈለግነው ነው።

ጎ ታዲያ የራሱን ልጅ የት አደረገው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ጭራሽ የሚገርመው። ጎ ድሮም የራሱ ያለፈ ጊዜ አልነበረውም። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ግሱ "ጋን" ይባል ነበር፤ ያለፈ ጊዜው ደግሞ "ኤኦደ" የሚባል፣ እሱም ከሌላ ሥር የመጣ ቃል ነበር። ኤኦደ በመካከለኛው ዘመን "ዬደ" እና "ዮደ" ሆነ። ከዚያ ቀስ በቀስ ዌንት እየገፋች መጣች፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በደቡብ እንግሊዝ አፍ ቦታውን ይዛ ጨርሳ ነበር። ጎ ማለት እንግዲህ በሁለት ዘመን ሁለት የጉዲፈቻ ልጅ ያሳደገ ግስ ነው። የመጀመሪያዋ ከነስሟ ተረሳች። ገጣሚው ኤድመንድ ስፔንሰር በ1590 ማሳተም በጀመረው ታላቅ ሥራው፣ በ"ፌሪ ኩዊን"፣ ያቺን አሮጌ ቃል ለጥንታዊ ለዛዋ ሲል መልሶ ቢያመጣትም፣ የአሁን ጊዜ ግስ ናት ብሎ ነው ያሰለፋት። ስፔንሰርን የሚያህል የቃል ሰው እንኳ ማን እንደነበረች አላወቃትም፤ ይህን ሳነብ በቁም ነገር አዘንኩላት።

ስኮትላንዶች ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። የእነሱ ጎ "ጌ" ነው፣ ያለፈው "ጌድ" ነው፣ ልክ እንደ ማንኛውም ሥርዓታዊ ግስ። የሰው ልጅ አልፈለጉም፤ ራሳቸው ወለዱ። እንግሊዝኛን አፍ የሚፈቱ ሕፃናትም "ጎድ" ሲሉ ይሰማል፤ እናቶቻቸው ያርሟቸዋል። ሕፃኑ ግን ስኮትላንዱ ያደረገውን ነው ያደረገው።

አሁን ወደ እናትየው እንመለስ፣ ልቤን የወሰደችው እሷ ናትና። ዌንድ በጥንታዊ እንግሊዝኛ "ዌንዳን" ነበረች፤ ትርጉሟም "አዞረ፣ መለሰ" ነው። ከ"ዊንዳን"፣ ማለትም "ተጠማዘዘ፣ ተጠመጠመ" ከሚለው ግስ ተወለደች። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ዞረ ካለን አዞረ ለማለት ፊት ላይ አ እናስቀምጣለን፤ ገባ፣ አገባ፤ ወጣ፣ አወጣ። ጥንታዊ እንግሊዝኛ ይህንኑ ሥራ የቃሉን ሆድ በመቀየር ይሠራው ነበር። ሲት ተቀመጠ ነው፣ ሴት አስቀመጠ ነው። ፎል ወደቀ ነው፣ ፌል ጣለ ነው፤ ዛሬም ዛፍ መጣል ፌል ይባላል። ዊንዳን ተጠማዘዘ፣ ዌንዳን አጠማዘዘ፣ አዞረ። መንከራተትን የሚናገረው ዋንደርም ከዚሁ ቤት ነው። አንድ ጎጆ ሙሉ ቤተሰብ!

"አዞረ" እንዴት "ሄደ" ሆነ? ሰው መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል፣ ከዚያ ይነሣል። ራሱን ወደ መንገዱ መለሰ ማለት ሄደ ማለት ሆነ። ይህ ለአማርኛ ጆሮ ማብራሪያ ያስፈልገዋል? እኛ ራሳችን "ዞረ" ስንል አንዳንዴ አንገቱን አዞረ፣ አንዳንዴ አገር ለአገር ሄደ ማለታችን ነው። "ከተማውን ሲዞር ዋለ" እንላለን። እንግሊዞች ከሺህ ዓመት በፊት በዌንዳን ያደረጉትን እኛ በዞረ ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ አድርገነዋል።

ይብሱን ላስደንቃችሁ። ከ871 እስከ 899 የነገሠው ንጉሥ አልፍሬድ የጳጳሱን የጎርጎርዮስን የእረኝነት መጽሐፍ ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ነበር። በመቅድሙ ላይ የተረጎመበትን ምክንያት ሲናገር ለመተርጎም የተጠቀመበት ግስ ዌንዳን ነው። መጽሐፉን "አዞረው"፣ ወደ እንግሊዝኛ "መለሰው"! እኛስ ምን እንላለን? "ከግእዝ ወደ አማርኛ መለሱት" አንልም? ይህን ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን አስቀምጬ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተመላለስኩ። አልፍሬድ አማርኛን አልሰማም፤ ሊቃውንቶቻችንም የአልፍሬድን መቅድም አላዩም። ሁለቱም ግን አንድን መጽሐፍ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲያሻግሩ መንገደኛ ፊቱን ወደ አገሩ ሲመልስ የሚታየው እንቅስቃሴ ነው የታያቸው።

ጆፍሪ ቻውሰር በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የካንተርበሪ ተረቶቹን ሲጀምር ከእንግሊዝ አራቱም ማዕዘን ወደ ካንተርበሪ የሚጎርፉትን ተሳላሚዎች ያስኬዳቸው በዚህችው በዌንድ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሼክስፒር "የስሕተቶች ኮሜዲ" በተባለው ተውኔቱ የመጀመሪያ ትዕይንት ላይ፣ ሞት የተፈረደበት ሽማግሌ ኤጂዮን ከመድረክ ሲወጣ ይህንኑ ግስ አፉ ላይ አስቀመጠለት። ለሚሮጥ ሰው የምትሆን ቃል አይደለችም። የሚሳለም፣ የሚከብደው፣ መንገዱ የሚረዝምበት ሰው ቃል ናት።

ዛሬ ከዌንድ የቀረው ትንሽ ነው፤ ያች ትንሿ ግን እንዴት ታምራለች! ልጇ ከሄደችባት በኋላ ዌንድ ቤቷን አልዘጋችም፤ አዲስ ያለፈ ጊዜ ወለደች፤ "ዌንደድ"። አሁን እርባታዋ ሥርዓታዊ ነው። እኔና አንተ "ዌንድ" እንላለን፣ እሱና እሷ "ዌንድስ"፣ በመካሄድ ላይ ላለው "ዌንዲንግ"፣ ላለፈው "ዌንደድ"፣ ተፈጽሞ ላደረውም እንዲሁ "ዌንደድ"። ተማሪ የሚፈራው አንድም ነገር የለባትም። ብቻዋን ግን እምብዛም አትወጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ መንገዷን ይዛ ነው የምትወጣው። "ዌንድ ማይ ዌይ"፣ "ዌንድ ሂዝ ዌይ"፣ "ዌንድ ዜር ዌይ" ይባላል፤ "መንገዴን፣ መንገዱን፣ መንገዳቸውን" እንደ ማለት። ቀጥሎ ደግሞ ወዴት እንደሆነ ይነገራል፤ ወደ ቤት፣ በገበያው መሐል፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ። መኪና ዌንድ አይደረግም፣ ሳጥን ዌንድ አይደረግም፤ ያ ዘመን ከአልፍሬድ ጋር አልፏል። ባለቤቷ ግን ሰው ብቻ አይደለም። ወንዝ ዌንድ ያደርጋል፣ የሠርግ አጀብ ያደርጋል፣ ደብዳቤ እንኳ ከቢሮ ቢሮ መንገዱን ዌንድ እያደረገ ሊደርስ ይችላል።

ስሜቷን በአንድ የአማርኛ ቃል ለመያዝ ሁለት ቀን ሞከርኩ። "አዘገመ" ዝግታውን ይሰጠኛል፣ መጠማዘዙን አይሰጠኝም። "ተጠማዘዘ" መንገዱን ያሳየኛል፣ ሰውዬውን አያሳየኝም። በመጨረሻ የገባኝ በቃል ሳይሆን በቦታ ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነሥታችሁ ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ አውቶቡሱ አንዴ ገደሉን በቀኝ፣ አንዴ በግራ እያደረገ፣ ወንዙን እያሳየና እየደበቀ፣ ማንም ቸኩል ሳይለው የሚወርደውን መውረድ አስቡት። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል እየተጠመዘዘ ወደ ደጀን ይወጣል። ዌንድ ያ ነው። ለእህቴ ልጅ እንዲህ ስነግራት "እንዴ፣ ገባኝ!" ብላ ደብተሯ ላይ ቃሉን ጽፋ ከሥሩ ጠመዝማዛ መስመር ሣለችበት።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። "ዌንት ሂዝ ዌይ" እና "ዌንደድ ሂዝ ዌይ" አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው "መንገዱን ያዘ፣ ሄደ" ነው፤ ጉዳዩ አለቀ፣ ሰውዬው ከዓይን ጠፋ። ሁለተኛው ገና ከነኩርባው ከመንገዱ ጋር ያቆየናል። ልጅትየው ስለ መሄዱ ትናገራለች፣ እናትየው ስለ መንገዱ። አንዱን ቃል ሁለት አድርጎ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን ሥራ የሰጠ ዘመን እንጂ ሰዋስው አይደለም።

ጀርመን ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ይህችን ቃል በየቀኑ ትሰሟታላችሁ። መንገድ ስትስቱ የመኪናው መሪ መሣሪያ "ቢተ ቬንደን" ይላችኋል፤ "እባክዎ ይመለሱ"። ቅጽ ስትሞሉ ከገጹ ግርጌ ያው ቃል "ገልብጡት" ይላችኋል። የበርሊን ግንብ የወደቀበትን የ1989 እና የ1990 ለውጥ ጀርመኖች "ዲ ቬንደ" ይሉታል፤ መዞሪያው፣ መመለሻው። የዌንድ ታናሽ እህት እዚያ ጤነኛ ናት፣ ሙሉ ሥራዋን ትሠራለች።

እስከዚህ ድረስ ስለ እንግሊዝኛ ነበር የደነቀኝ። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ግን እንቅልፍ የነሳኝ የራሴ ቋንቋ ነው።

"መጣ" በሉ። ይመጣል፣ መጥቷል፣ ይምጣ፣ አትምጣ። ሁሉም ከአንድ ሥር ነው። አሁን ልጁን ጥሩት። "ና!" መ የት ሄደ? ጣ የት ሄደ? ነይ፣ ና፣ ኑ። ዕድሜዬን ሙሉ በቀን ስንት ጊዜ ስለው ኖሬ አንድ ቀን ልብ አላልኩትም! ና የመጣ ልጅ አይደለችም። የራሷ ያለፈ ጊዜ የላትም፣ ትንቢት የላትም፤ ሥራዋ መጥራት ብቻ ነው። አሉታ እንኳ አትችልም። "አትና" የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መከልከል ስንፈልግ ወደ መጣ ተመልሰን "አትምጣ" እንላለን። አያቴን ስጠራም እንዲሁ ነው፤ "ና" እና "ነይ" ለአክብሮት አይበቁም፣ "ይምጡ" እላለሁ፤ አክብሮቱ ግሱን ወደ ወላጁ ቤት ይመልሰዋል። እንግሊዝኛ "ሄደ"ን ከሁለት ቤት ሰፍቶ "መጣ"ን ሳይነካ ተወ፤ አማርኛ "ሄደ"ን ሳይነካ ትቶ "መጣ"ን ሰፋ።

ግእዝም እንደዚሁ ነው። መጣ ለማለት መጽአ ይላል፤ ሲጠራ ግን ነዓ፣ ንዒ፣ ንዑ። ትግርኛ መጸ ብሎ ንዓ ይላል። እነዚህ እንኳ ዘመዳሞች ናቸው እንበል። ኦሮምኛ "ዹፌ" ብሎ ሲጠራ "ኮቱ" ይላል! ሶማልኛ "ዪሚድ" ብሎ ሲጠራ "ካላይ" ይላል! በዓረብ አገር የሠሩ እህቶቻችን ያውቁታል፤ መጣ "ጃአ" ሆኖ ጥሪው "ተዓል" ነው፣ ለሴት "ተዓሊ"። ግሪኩም ለመምጣት ሌላ ግስ አለው፣ ሲጠራ "ኤላ" ይላል። ሰው ሰውን ወደ ራሱ የሚጠራበት ቃል አገር ለአገር ለብቻው ቆሟል። የቋንቋ ሰዎች እንዲህ ያለው ነገር በብዛት የሚታየው በየቀኑ በሚነገሩ ቃላት ላይ ነው ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ቃል እንደተሰማ ይያዛል፣ ወደ ሥርዓት የሚመልሰው የለም። ዌንት በየዓረፍተ ነገሩ ስለምትገባ እንግዳ ሆና ቀረች። ዌንድ ብርቅ ስለሆነች ሥርዓት ገብታ ዌንደድ ሆነች።

ከዚያ "ነው" መጣብኝ። ነው ሲያልፍ ምን ይሆናል? "ነበር"። ነበር ደግሞ ከየት ነው? በግእዝ ነበረ ማለት "ተቀመጠ" ማለት ነው! መንበር የመጣው ከዚያ ነው። ሊቀ መንበር ከዚያ ነው። ይህን የምጽፍበት ወንበር ከዚያ ነው! "ልጅ ነበርኩ" ስል ከሥሩ "ልጅነት ላይ ተቀምጬ ነበር" የሚል ጥንታዊ ድምፅ አለ። ኖረም የዚሁ የነበረ ልጅ ነው፣ በ ላልታ ወ ሆና፣ ወም ጠፍታ። እንግዲህ "ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት" ስንል በአንድ ተረት ውስጥ ሁለቱም ግሶቼ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ዞሮ የዌንድ መንትያ፣ ኖሮ የነበር ወንድም።

እንግሊዝኛውንም ላየው ተነሣሁ፤ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። "ኢዝ" ሲያልፍ "ዋዝ" ይሆናል። ዋዝም የኢዝ ልጅ አይደለችም። ከጥንታዊው "ዌሳን" የመጣች ናት፤ ትርጉሙም "መሆን፣ መቆየት" ነው፤ የሥሯ ዘመድ በሳንስክሪት "ኖረ" ማለት ነው። እነሱም እኛም ትናንትን ለመናገር የሄድነው ወደ አንድ ደጃፍ ነው፤ ወደ መቆየት፣ ወደ መቀመጥ፣ ወደ መኖር።

ይህን ሁሉ በማግስቱ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ወንበሩን መታ መታ አድርጋ "ነበር፣ ወንበር" አለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ የዌንድን አምስት መልክ በደብተሯ በተርታ ጻፈች፣ ከጎናቸው ና፣ ነይ፣ ኑ፣ ይምጡ ብላ ጻፈች፣ በሁለቱ መካከል ቀስት አሰመረች። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያው ላይ እያወረደች ነው የጠየቀችኝ።

"አክስቴ፣ ጉድ ሲበልጥ ቤተር ይሆናል። ቤተርስ የማን ልጅ ናት?"